ከባነሩ በፊት፦ የዘመተ አባት ወይም አያት ላላችሁ

ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሁሌም በጠዋት የሚመጣ አንድ ዓይነት ደንበኛ አለ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ትሆናለች፣ ወይም ሌሊቱን ያልተኛ ጎረምሳ። እጃቸው ላይ ጠርዟ የተበላ ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለች። «አያታችን አረፉ። ይቺን አሳድገህ ባነር ሥራልን። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ፎቶዋ ላይ ወጣት ወታደር አለ። ብቻውን ግን አይደለም። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የቆሙ ሁለት ሦስት ጓደኞች አብረውት አሉ። «እነዚህስ እነማን ናቸው?» እላለሁ። «እኛ እንጃ፤ እሳቸው ነበሩ የሚያውቁት።»

ባነር የሚፈልገው አንድ ፊት ነው። ስለዚህ ጓደኞቹን ቆርጬ አወጣቸዋለሁ። ይሄን ስንት ጊዜ እንዳደረግኩ አላውቅም። ከቆረጥኳቸው መካከል ከዘመቻው ያልተመለሰ ይኖራል። ምናልባት በዓለም ላይ የቀረችው ብቸኛ ፎቶው ያቺ ነበረች።

ይሄን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቤታችሁ የዘመተ ሰው ካለ ማክበሩን ለቀብሩ ቀን አታቆዩት። እኔ ከራሴ ጥፋትም፣ ብዙ ሽማግሌዎች አጠገብ ከመቀመጥም የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ቶሎ ጀምሩ

ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ ከአዲስ አበባ የወጣው በሚያዝያ 1943 ነው። ከጅቡቲ በመርከብ ተጓዘ። ያኔ 20 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ 95 ገደማ ነው። በ1950ዎቹ ለሰላም ማስከበር ኮንጎ የሄዱትም ከ80 በላይ ናቸው። በ1969 እና በ1970 ለሶማሊያው ጦርነት ወደ ኦጋዴን የዘመቱት እንኳን 70ን እያለፉ ነው። «ለፋሲካ ስንሰባሰብ እንጠይቃቸዋለን» የሚባል ነገር የለም። የሚመጣው ቅዳሜ ጥሩ ቀን ነው።

ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ

አያቴ የሁለተኛው ቃኘው ዘማች ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ «አባባ፣ ስንት ሰው ገደልክ?» አልኩት። የያዘውን ሲኒ ቀስ አድርጎ ረከቦቱ ላይ መለሰው። ተነሳና ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። አልተቆጣኝም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እኔም አልጠየቅኩም፣ እሱም አላወራኝም። በ2000 ሲሞት ስለ ኮሪያ የማውቀው ነገር ሁሉ ከአክስቴ የሰማሁት ነበር።

ስለዚህ ይህን ጥያቄ አትጠይቁ። ልጆቻችሁም እንዳይጠይቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «ጀግና ነበሩ አይደል?» ብላችሁም አትጀምሩ። እንዲህ የተባለ ሰው ጀግና መስሎ ለመታየት ይገደዳል፣ ወይም ያፍራል። በሁለቱም መንገድ ትክክለኛውን ነገር አትሰሙም።

የሚሠራው ትንንሹ ነገር ነው። ጫማ። ካልሲ። ብርድ። መርከቡ ላይ ምን በሉ? ባሕር አይተው ያውቁ ነበር? ደብዳቤ ማን ይጽፍላቸው ነበር? አንድ ሽማግሌ ስለ ውጊያ ስጠይቃቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ዝም አሉ። ስለ ጫማ ስጠይቃቸው አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩ። የኮሪያ ክረምት በረዶ ነው። የረጠበ ካልሲያቸውን ከሸሚዛቸው ሥር ሆዳቸው ላይ አድርገው ያደርቁ እንደነበር በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። የጓዳቸውን ጣቶች በረዶው እንዴት እንዳጠቆራቸው ነገሩኝ። ያ ጓዳቸው ማን እንደነበር፣ የየት አገር ልጅ እንደነበር፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሁሉ ከካልሲው ተያይዞ መጣ።

ከጥያቄዎች ሁሉ ግን የምመርጠው አንድ ነው፦ «አጠገብዎ ማን ነበር የሚተኛው?» ይሄ ጥያቄ ስም ያመጣል። ወታደር የአዛዡን ትእዛዝ ሊረሳ ይችላል፤ አጠገቡ ያንኮራፋ የነበረውን ልጅ አይረሳም።

ፎቶ ካለ በእጃቸው አስይዟቸው። ስልክ ላይ አታሳዩአቸው፤ ጣታቸው ሲነካው ይገለበጣል፣ ይጠፋል፣ ይበሳጫሉ። ስካን አስደርጋችሁ በኤ4 መጠን አሳጥቡት። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እየጠቆማችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። ስሙ ካልመጣ «ይሄስ የየት አገር ሰው ነበር? ዘፈን ይዘፍን ነበር?» በሉ። ስም ከኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴ ከሦስት ቀን በኋላ። ሌሊት ትዝ ብሏቸው ጠዋት የደወሉልኝ አሉ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ይሻላል። ከአርባ ደቂቃ አታስበልጡ። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ለመቅጃ ተጠቀሙበት፤ ጉልበታቸው አካባቢ አጣጥፋችሁ ባስቀመጣችሁት ጨርቅ ላይ አኑሩት። ጠረጴዛ ላይ ካደረጋችሁት የሲኒው ኳኳታ ድምፃቸውን ይውጠዋል። በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀመጡ። ከመጀመራችሁ በፊት እየቀዳችሁ መሆኑን ንገሯቸው፣ ማን እንደሚሰማውም ጠይቋቸው። «ይሄን ልጆቼ ይስሙት፤ ያኛውን ግን አጥፋው» ካሉ አጥፉት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ትንሽ የሚመስል። በማዕረጋቸው ጥሯቸው። በቤት ውስጥ አባባ ናቸው፣ ጋሼ ናቸው። «ሃምሳ አለቃ» ብሎ የጠራቸው ሰው ግን ምናልባት አርባ ዓመት ሆኖታል። አንዲት የልጅ ልጅ «እሺ ሃምሳ አለቃ፣ እንጀምር?» ስትላቸው ወገባቸውን ቀና አድርገው የተቀመጡ ሽማግሌ አይቻለሁ። ኮታቸውንም ቆለፉ።

ካለቀሱ ቶሎ ብላችሁ «አይዞዎት፣ ይተዉት» አትበሉ። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ውሃ ስጡ። እሳቸው ራሳቸው ይቀጥላሉ ወይም «ይብቃን» ይላሉ። «ስለዚያ አልናገርም» ካሉ ደግሞ ነገሩ አለቀ። በሌላ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቅ ይቻላል፤ ሦስተኛ የለም። ሌሊት እየጮሁ የሚነሱ ከሆነ ነካ አድርጋችሁ አትቀስቅሷቸው። ራቅ ብላችሁ በስማቸው ጥሯቸው። ይሄ የእርጅና ጠባይ ነው ብላችሁም አትለፉት፣ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ጦርነት ከስንት ዓመት በኋላም እንቅልፍ ይነሳል።

ዓመተ ምሕረቱ

እዚህ ላይ የብዙ ቤተሰብ ታሪክ ይበላሻል። የእኔም እጅ አለበት። አንድ ቤተሰብ በወረቀት ጽፎ የሰጠኝን ባነር ላይ አተምኩ፦ «በ1944 እ.ኤ.አ. ኮሪያ የዘመቱ።» ለቅሶው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው የመጡ የጦር ጓዳቸው ባነሩ ፊት ቆሙ። ደጋግመው አነበቡት። «ያኔ ጦርነቱ መች ተጀመረና?» አሉ በዝግታ። ትክክል ነበሩ። ጦርነቱ የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ነው፣ በእኛ። በፈረንጅ ጁን 25 ቀን 1950 ነው። 1944 የተባለው የእኛው ዓመት ነበር፤ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን የጨመረው ፎርም መሙላት የለመደ ሰው ነው። ያ ሽማግሌ ጓዳቸውን የሚሰናበቱት የተሳሳተ ጽሑፍ ፊት ቆመው መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የሚነግሯችሁን ዓመት እንዳለ ጻፉት። ሽማግሌ የሚናገረው በእኛ አቆጣጠር ነው። ወደ ፈረንጅ መቀየር ከፈለጋችሁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለውን 7 ደምሩበት፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ያለውን 8። ወሩን ካላወቃችሁ አትቀይሩት።

የሻለቃቸውን ቁጥር የረሱ እንደሆነ አዛዡን ጠይቋቸው። ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ካሉ አንደኛው ቃኘው ነው። ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ካሉ ሁለተኛው፤ ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ካሉ ሦስተኛው። ከሐምሌ 20 ቀን 1945 የተኩስ አቁም በኋላ የሄዱም አሉ፤ እነሱን «ስትደርሱ ተኩስ ነበር?» ብሎ መለየት ይቻላል። ቃኘው የተመደበው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር። ፎቶው ላይ ትከሻቸው ላይ የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ጥቁር ምልክት በክብ ውስጥ ካያችሁ የዚያ ክፍለ ጦር ምልክት ነው። ኮንጎ ከሆነ «ጠቅል ብርጌድ» የሚለው የጦራቸው ስም ነገር ያስታውሳቸዋል። ለሶማሊያው ጦርነት ዘማች ደግሞ «ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው የሠለጠኑት?» በሉ። ከዚያ በኋላ እናንተ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

የቦታ ስም በሚጠሩት አጠራር ጻፉት። ቹንቾን ይሉ ይሆናል፣ ፑሳን ይሉ ይሆናል። አታርሟቸው። ካርታው ላይ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ሜዳሊያውና ወረቀቱ

ሙያዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ሜዳሊያ በሎሚ አይታሸም። በአመድም፣ በብራሶም አይታሸም። ያ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። ስትፈትጉት ፊደሉ አብሮ ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች በአማርኛ ተቀርጾ ነው የተሰጠው። ጨርቁ ሰማያዊና ነጭ ስስ መስመር ያለበት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ከደበዘዘ መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አድርጉ፤ ይነበባል። እንደዚያው ሆኖ ፎቶ አንሱት። ጨርቁን አትጠቡት። በነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ፌስታል ውስጥ አታድርጉት፤ ያልበዋል።

ላሚኔት። እባካችሁ የመሸኛ ወረቀቱን፣ የምስክር ወረቀቱን፣ ፎቶውን ላሚኔት አታስደርጉ። እንዲጠበቅ ብለው ነው የሚያመጡት፣ ይገባኛል። ግን ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳዋል፣ አንዴ ከተጣበቀ ደግሞ አይላቀቅም። የሰማንያ ዓመት ቀለም ፕላስቲክ ውስጥ እየደበዘዘ ሲሄድ ማንም ሊያድነው አይችልም።

ስካን ሲደረግ በ600 ዲፒአይ ጥራት አስደርጉ። ጀርባውንም እንዲሁ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈ ቀን፣ «ለውድ እናቴ» የሚል መስመር ሁሉ ጀርባው ላይ ነው ያለው። አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ በጉልበት አትገንጥሉ፤ እዚያው እንዳለ ይነሳ። ፋይሉን ቢያንስ ሦስት ዘመድ ጋ ላኩ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ የሚኖር ይሁን። ባነር ሲያስፈልግ ቆርጣችሁ ተጠቀሙ፤ ሙሉው ግን ሳይቆረጥ ይቀመጥ።

ያልተመለሱት

ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ የኢትዮጵያ ወታደሮች ወድቀዋል፤ 536 ቆስለዋል። አንድም አልተማረከም። አስከሬናቸው በመጀመሪያ ያረፈው ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ነበር፣ ኋላ ወደ አገር ተመልሷል። እዚያው መካነ መቃብር ግን የመታሰቢያ ግድግዳ አለ። የወደቁት ሁሉ ስም በየአገሩ ተቀርጾበታል። ኮሪያ የሚማር ወይም የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ሄዶ ስሙን ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁት። የተጻፈው በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ አንዱን ስም በሦስት በአራት ዓይነት አጻጻፍ ይፈልገው። እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። በሕይወት ያለውን ዘማች ይዛችሁ ሂዱ። እስከ በሩ በመኪና አድርሷቸው፣ አትቸኩሉ፤ ጓዶቻቸውን ሊያናግሩ ስለሆነ ትንሽ ራቅ በሉ።

በሌሎቹ ጦርነቶች የቀሩት ብዙዎች ግን መቃብርም የላቸውም፣ የሞቱበት ቀንም አይታወቅም። መርዶ የመጣበትን ቀን የሙት ዓመት ያደረጉ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ከቤት የወጣበትን ቀን የያዙም አሉ። ሁለቱም ያስኬዳል። ዋናው ቀን መኖሩ ነው፤ ቀን የሌለው ሰው ይረሳል።

ክርስቲያን ከሆነ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ለፍትሐት ካህኑ የሚጠይቀው የክርስትና ስሙን ነው። የጦር ጓዱ ያንን አያውቅም። የሚያውቁት እናቱ፣ ክርስትና እናቱ፣ ምናልባት ታላቅ እህቱ ናቸው። አያታችሁ በሕይወት እያሉ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉት። «ወንድሜ ለሃገሩ ሞቶ በስሙ ቅዳሴ ማስቀደስ አቃተኝ፣ ስሙን የሚያውቅ አልተረፈም» ያሉኝን እናት አልረሳቸውም። ሙስሊም ከሆነ የአባቱንና የአያቱን ስም አሟልታችሁ ያዙ፤ ሰደቃ ስታወጡ፣ ዱዓ ሲደረግ ልጆች ስሙን ይስሙ። በአንድ ጦር ውስጥ ሁለቱም አብረው ነው የወደቁት። የእናንተ አያት ጓድ ከሌላ ሃይማኖት ከሆነ ስሙን ለቤተሰቡ አድርሱ።

በበዓሉ ቀን

የካቲት 23 አለ፣ የካቲት 12 አለ። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ላይ አርበኞችና ዘማቾች ሜዳሊያቸውን አድርገው ይወጣሉ። የምትሄዱ ከሆነ ባንዲራ ከመያዛችሁ በፊት ታጣፊ ወንበር ያዙ። ውሃና ጃንጥላም። ሰዓቱ ይረዝማል፣ ፀሐዩ ይከራል፣ ዘጠና ዓመት የሆነው ሰው «ደከመኝ» አይልም።

ፎቶ አብራችሁ ለመነሳት ፈቃድ ጠይቁ። ከተነሳችሁ ደግሞ አሳጥባችሁ ስጧቸው። ቴሌግራም ላይ ብትለጥፉት እሳቸው አያዩትም። አንድ ጉርድ የምታህል ፎቶ ብትሆንም ትራሳቸው ሥር ያስቀምጧታል።

ከበዓሉ ውጭ ያለው ሥራ ብዙም አያስፎክርም ግን ይበልጣል። የጡረታ ወረፋ አብሮ መቆም፣ መነጽር ማስለካት፣ መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚይዙት ብረት ማስመታት። አንድ ቀን መርጣችሁ በየወሩ አድርጉት።

የአያቴን ፎቶ ልጨርስላችሁ። አራት ሆነው ነው የተነሱት። አያቴ ከቀኝ የመጀመሪያው ነው። ሌሎቹን አላውቃቸውም ነበር። እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ፎቶውን አሳድጌ አሳጥቤ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ይዤው ሄድኩ። የመጀመሪያው ሽማግሌ አላወቋቸውም። ሁለተኛውም። ሦስተኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞሩት። አውራ ጣታቸው ከግራ ሁለተኛው ላይ ቆመ። ስሙን ጠሩት። «የጎጃም ልጅ ነው። ጥሩ ይፎክር ነበር። እዚያው ቀረ።» የአባቱን ስም አላስታወሱትም።

እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩት። እናንተም ስትጽፉ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ እስኪርቢቶ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል። ፎቶውን ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፉ፣ አትጫኑት፣ ከፊት በኩል ምንም ፊት በሌለበት ቦታ ጻፉ። ስሙን፣ አገሩን፣ ማን እንደነገራችሁና የነገሯችሁን ቀን። የማታውቁትን ክፍት ተዉለት። የእኔው «የአባት ስም» ከሚለው ፊት ለፊት እስከ ዛሬ ባዶ ነው፣ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ይዤው እወጣለሁ።